ቁርስ የት ይበላል? የ20/80 ኮንዶሚኒየም ኩሽና ሲዳሰስ

በአዲስ አበባ ስለ ሕንፃ የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይሮጣል። ሁለቱም የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራዎች ናቸው፤ ሊጻፍባቸውም ይገባል። ከተሜው ግን ጠዋት ዓይኑን የሚገልጠው ሌላ ሥራ ውስጥ ነው። ከየካ ተራራ ግርጌ ተነስተው በኮተቤ አድርገው እስከ የካ አባዶ የሚዘልቁት ኮንዶሚኒየሞች ከየትኛውም ታላቅ ሕንፃ በላይ የሰዉን ውሎና አዳር ቀርጸዋል፤ ሐያሲ ግን ብዙም አልገጠማቸውም። (የካ አባዶ ዛሬ በአስተዳደር የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ናት፤ ስሟ ግን የካን አልለቀቀም።) ከዚህ ግዙፍ ሥራ ውስጥ እኔ የምመለከተው ትንሿን ክፍል፣ ኩሽናዋን ነው። ጥያቄዬም ጠባብ ነው፤ እዚህ ቤት ቁርስ የሚበላው የት ተቀምጦ ነው?

20/80 የሚባለው፣ ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በብድር የሚሸፍንበት ኮንዶሚኒየም ነው። የኮንዶሚኒየሙ መርሐ ግብር የተጀመረው በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። መነሻው የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ያሠራቸው ወጪ ቆጣቢ ቤቶች ነበሩ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገጠም፣ ከፍታው ባብዛኛው ከምድር በላይ አራት ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፤ እዚህ የተነደፈው ብሎክ እዚያም ይደገማል። በመርሐ ግብሩ መለኪያ ባለ ሁለት መኝታ የሚባለው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነው። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ መታጠቢያና ኩሽና ከዚያ ላይ ይቆረሳሉ። እንዲህ በተጠበበ ልክ የሚሠራን ሰው «ለምን አላሰፋኸውም?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። ሰፊ ኩሽና የሚመኝ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አብሮ ይንገረን።

ምስጋናውን ሳላስተርፍ ላስቀምጠው። ወደነዚህ ቤቶች ከገቡት ብዙዎቹ ከቀበሌ ቤት የወጡ ናቸው። እዚያ መጸዳጃው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ሁለት ሦስት ቤተሰብ በጭስ እየተናነቀ የሚጠቀምበት ቆርቆሮ ነበር። የራሷ በር ያላት፣ የራሷ ቧንቧ ያላት ኩሽና ለእናቶች ምን ማለት እንደነበረች ያላየ ሰው ስለ ስፋቷ ባይናገር ይሻላል።

ነዳፊዎቹ ምግባችንን ለማዘጋጀት ይህች ክፍል ብቻ እንደማትበቃ ያውቁ ነበር። ለዚህም መልስ አዘጋጅተዋል፤ በየሳይቱ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚያገለግሉ የጋራ ሕንፃዎችን ሠሩ። በዕቅዱ ውስጥ ለአገሩ ኑሮ በጣም የቀረበ ሐሳብ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን ከአራተኛ ፎቅ የሊጥ ባልዲ ተሸክሞ መውረድ፣ የተጋገረውን ተሸክሞ መውጣት ስንት ሳምንት ይዘለቃል? ሰዉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ቤቱ ውስጥ ተከለና አረፈው፤ ከጋራ ሕንፃዎቹም በየሳይቱ ብዙዎቹ ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሰፋው፣ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው ምጣድ በዚህ መንገድ ያልታሰበለት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካኑና ሮቶው ተከተሉት። ከዚያ የጤፉ ጆንያ፣ ሲሊንደሩ፣ የእንጀራው መሶብ ገቡ። ፕላኑ ላይ ባዶ የሚመስለው ጥግ ኑሮ ሲገባበት ባዶ አይደለም።

የፕላኑ ዋና ጉድለት ግን ጥበቱ አይደለም። ኩሽናዋ የተለካችው ቆሞ ለሚሠራ አንድ ሰው ነው። ገንዳው፣ መክተፊያው፣ ምድጃው በአንድ መስመር ተደርድረው ፊት ለፊታቸው የአንድ ሰው መተላለፊያ ይቀራል። ይህ አስተሳሰብ በእኛ አልተጀመረም። ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ የሆነች ኩሽና ነደፈች። አርአያዋ የባቡር ምግብ ማብሰያ ነበረ፤ የሴቲቱ እርምጃ ሳይቀር በሰዓት ተለክቶ፣ መሳቢያው፣ ማንጠልጠያው ሁሉ እጅ በሚደርስበት ተቀመጠ። ወደ 10,000 ገደማ ተተከለ። ጉልበት ቆጠበ፤ ይህ አይካድም። በኋላ የመጡ ተቺዎች ያነሱት ነጥብ ግን ዛሬም አልተመለሰም፤ ቀድሞ ቤተሰቡ ኩሽናው ውስጥ ይበላ፣ ይጫወት ነበር፤ አዲሷ ኩሽና ሴቲቱን ብቻዋን አስቀረቻት። የኮንዶሚኒየሙ ኩሽና ከፍራንክፈርቷ ተቀድቷል አልልም። ስሌታቸው ግን አንድ ነው።

የእኛ ታሪክ ከጀርመኖቹ የሚለየው ማድ ቤቱ ድሮም ከቤት ውጭ በመሆኑ ነው። ከእንጦጦ ሴቶች ተሸክመው ባወረዱት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የሚነድ እሳት ሳሎን አይገባም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ማድ ቤት መቀመጫ አጥቶ አያውቅም። በርጩማ ነበረ፣ ድንጋይ ነበረ፣ የተገለበጠ ሙቀጫ ነበረ። ከምጣድ ላይ የወጣች ትኩስ እንጀራ በርበሬና ዘይት ተቀብታ መጀመሪያ የምትበላው እዚያው ነው፤ ልጅ ማድ ቤት የሚገባው ለዚህ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ እሳቱን ወደ ቤት አስገባ፤ በርጩማውን ግን ውጭ ትቶት መጣ። ቁርስም ወደ ሳሎን ተሰደደ፣ ሶፋ ላይ፣ ቴሌቪዥን ፊት፣ ሳህን ጭን ላይ። አብሳይዋ ሻይ ልትቀዳ ስትመላለስ ሌላው በልቶ ይነሳል።

ቤቱ ለባለቤቱ የሚሰጠው ሳይጨረስ መሆኑ እዚህ ላይ ዕድል ይሆናል። ሴራሚኩን፣ ካቢኔቱን፣ ቀለሙን የሚያስጨርሰው ነዋሪው ነው፤ ስለዚህ የሁለተኛው ረቂቅ ጸሐፊ እሱ ነው። ሰሞኑን በዚህ ረቂቅ ላይ አዲስ ፋሽን ገብቷል። ከስልክ ላይ በወረደ ፎቶ አናጺው ጥግ ላይ ባለ ኤል ቅርጽ አግዳሚ በኤምዲኤፍ ይሠራል፤ ትራስ ይደረደርበታል፣ ፊቱ አራት ማዕዘን ጠረጴዛ ይቆማል። ፎቶው ያምራል። ሲበላበት ግን ችግሩ ይወጣል። ያ አቀማመጥ የተለካው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳህን ይዞ 60 ሴንቲሜትር ጠርዝ ተከራይቶ ለሚበላበት ማዕድ ነው። እኛ ፍርፍሩንም ጨጨብሳውንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ገንፎ ደግሞ ጭራሽ መሐሉ ላይ ቅቤ ያለበት አንድ ሳህን ነው፤ ሁሉም ከየበኩሉ እየቆረሰ ወደ መሐል ይመጣል። ኤሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ልጅ እጁ አይደርስም፤ ጥግ የገባው ሰው ደግሞ እጁን ለመታጠብ ሦስት ሰው ያስነሳል። 50 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያላት ትሪ አራት ሰው የምታበላው ዙሪያዋን ሲከቧት ነው። ስለዚህ ለእኛ ጥግ የሚሆነው አጭር አግዳሚ ባንድ በኩል፣ ክብ ጠረጴዛ መሐል፣ ሲያስፈልግ የሚሳብ ሁለት በርጩማ በዚያ ወገን ነው። ረጅሙ አግዳሚ ለፎቶ ይቅር።

ቁርስ የሚለው ሐሳብ ራሱም መፈተሽ አለበት። የኦርቶዶክስ ጾመኛ ረቡዕና ዓርብ፣ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾምም ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ ጠዋት አፉ ላይ ምንም አያኖርም። በረመዳን ደግሞ ሙስሊሙ ቤተሰብ ሱሑሩን የሚበላው ገና ሳይነጋ፣ ሌላው ጎረቤት ተኝቶ ሳለ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ የተኛ እንግዳ ካለ ያቺ የኩሽና ጥግ ዋጋዋ ያን ጊዜ ይታወቃል። ለቁርስ ብቻ የተሠራ ጥግ በብዙ ቤት በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀን ሥራ ፈት ነው። ጥጉን የሚሞላው ቡና ነው። ቡና ደግሞ ዝቅ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ረከቦቱ መሬት አጠገብ ነው፣ የምታፈላዋም በርጩማ ላይ ናት። 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው ሶፋና 75 ሴንቲሜትር ከሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አቦሉን መቀበል ይቻላል፤ ጨዋታው ግን ከላይ ወደ ታች ይሆናል። መቀመጫውን ወደ 35 ዝቅ ማድረግ፣ ጠረጴዛውንም አብሮ ማውረድ ለቁርሱም ለቡናውም ይበጃል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ካሉ ግን 45ቱ ይቆይ፤ እዚህ ላይ ከሳቸው በላይ ዳኛ የለም።

ከሰሉን በተመለከተ ዝም ማለት አይቻልም። በተዘጋ ኩሽና የተቀጣጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ ብርድ ስላለ መስኮት ዘግቶ ጥጉ ላይ መሟሟቅ ሰው ገድሏል። ጥጉ ከሚከፈት መስኮት አጠገብ ካልሆነ ቡናው በኤሌክትሪክ ይፈላ።

የሚገርመኝ ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆነው ነገር ከጥንት እጃችን ላይ መኖሩ ነው። በአማራ ገጠር ጭቃ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ ተመርጎ የሚሠራው መደብ አለ። ቁርበት ወይም ጀንዲ ተነጥፎበት ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል፣ ይበሉበታል። ቦታ አይፈጅም፣ አይነቃነቅም፣ ከታቹ ዕቃ ማስቀመጫ ሊወጣለት ይችላል። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የንድፍ መጽሐፍ አብሮ የተሠራ መቀመጫንና የመስኮት ዳር ቦታን ለየብቻ ምዕራፍ ሰጥተው ሲያወድሱ የጎጃም ገበሬ ቢሰማ «ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ?» ይል ነበር። ሮቶውን፣ ጤፉን፣ ጀሪካኑን የሚውጥ ባዶ ሆድ ያለው መደብ ለኮንዶሚኒየም ኩሽና ከየትኛውም ካቢኔት የተሻለ ዕቃ ነው።

የሚቀረው የብርሃንና የብርድ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ፕላኑን አልምረውም። አንድ ዓይነት ብሎክ በሳይቱ ላይ ወደ ፈለገው አቅጣጫ ዞሮ ስለሚቆም የአንዱ ኩሽና ምሥራቅ፣ የሌላው ምዕራብ ያያል። የጠዋት ፀሐይ ለመቀበል መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ በቂ ነው፤ ከተማዋ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከዚያው አካባቢ ሩቅ አትወጣም። ከእንጦጦ ግርጌ ላሉ ሰፈሮች ይህ ቅንጦት አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ይህን አያደርግም። ስለዚህ በውጭ ግድግዳ ላይ የሚደገፍ መቀመጫ ጀርባው ጣውላ ይልበስ። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በቅርብም ይገኛል፤ ሳይደርቅ ከተመታ ግን ይጣመማል፣ ሚስማርም ይሰነጥቀዋል። አናጺው በመሰርሰሪያ ቀድሞ ይብሳው፤ አቅም ያለው ዋንዛ ይፈልግ።

ፕላኑን ለማረም ብዙ አያስፈልግም ነበር። ኩሽናውን ከሳሎን በሚለየው ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ያህል ክፍተት ቢተው፣ ከሥሩ መደብ ቢሠራ፣ የምታበስለዋና የሚበላው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኙ ነበር። የሪል እስቴት ሻጮች ለዚህ የሰጡት መልስ ግን ከሕመሙ የባሰ ነው። ግድግዳውን ጨርሰው አንስተው ኩሽናውን ከሳሎን ቀላቀሉት፤ መሐሉ ላይ ባንኮኒና እንደ ቡና ቤት ረጃጅም ወንበር ተከሉ። ሕፃን አይወጣበትም፣ አሮጊት አይወጡበትም፣ ትሪ ተከቦ አይበላበትም። ለዶሮ ወጥ ሰዓታት የሚቁላላው ሽንኩርት ደግሞ መጋረጃውን፣ ሶፋውን፣ የመኝታ ቤቱን ብርድ ልብስ ሳይቀር ይይዛል። ገዢውም ሁለት ወር ሳይሞላው ከኋላ በረንዳውን በመስታወት አሽጎ ሌላ ማድ ቤት ያወጣል፤ ባንኮኒው ላይ ቁልፍና ደብዳቤ ይከማቻል።