መድኃኒቱ ባይገኝም ምርመራው ይጠቅማል

ዶክተር አንድሪያ ሰርሴክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት ጥናት መደነቁ ተገቢ ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ስሕተት አራሚ ፕሮቲን የጎደለው የሬክተም ካንሰር የነበረባቸው 12 ሕሙማን ዶስታርሊማብ ብቻ ወስደው ዕጢው ጠፋላቸው፤ በ2025 ቁጥሩ 49 ደረሰ። ነገር ግን ሕሙማኑ የተመረጡት በዚሁ ጉድለት ነው፤ አብዛኛው የወጣቶች የአንጀት ካንሰር ደግሞ ጉድለቱ የለበትም።

‹‹መድኃኒቱን መግዛት ለማይችል የነፋስ ስልክ ወጣት ምርመራው ምን ይረባዋል?›› የሚሉ አሉ። አባባሉ ፍሎሮዩራሲልን ይዘነጋል። ጉድለቱ ያለበት ሁለተኛ ደረጃ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፍሎሮዩራሲል ብቻ ቢወስድ እንደማይጠቀም የሳርጀንት ቡድን በ2010 አሳይቷል። ምርመራው እንግዲህ የማይሰጠውንም መድኃኒት ይነግረናል። ለዚህ ግን ናሙናው እንደተወሰደ፣ ሳይውል ሳያድር፣ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ በደረቀ ቲሹ ላይ የሚደረግ የማቅለም ምርመራ አሳሳች ውጤት ይሰጣል።