ሳይሰሙ ስለ መፍረድ

ዳኛ ባለጉዳዩን ሳይሰማ ቢፈርድ ፍርዱ ፍርድ አይባልም። የሙዚቃም ነገር እንዲሁ ነው።

በቅርቡ በዓለም ባንክ ሰፈር በአንድ አዳራሽ የቀረበ የባህል ሙዚቃ ተመልክቻለሁ። ተጫዋቾቹ ሙያቸውን የሚያውቁ ነበሩ። ነገር ግን ኪቦርዱ በድምፅ ማጉያ እጅግ ከመጮሁ የተነሣ፣ የማሲንቆ መቺው ክንድ ሲመላለስ በዓይን ይታያል እንጂ ዜማው ከጆሮ አይደርስም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ማሲንቆ ለካ ድምፅ የለውም» ብሎ ለባልንጀራው ነገረው። ልጁን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ዝግጅቱን ነው፤ ያልተሰማውን መሣሪያ አስፈርዶበታልና።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በኦርጋን እየዘመርሁ ያደግሁ ስለ ሆንሁ የውጭ መሣሪያ ጠላት አይደለሁም። አዲስ ነገርም ሁሉ ጥፋት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በግብፅ ተወላጁ ሙዚቀኛ በሐሊም ኤል ዳብህ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን ከሌሎች የአገር መሣሪያዎች ጋር በአንድ መድረክ አሰባስቦ አሰምቷል። በደቡብ ቻይናም በካንቶን ሙዚቃ፣ በ1920ዎቹ ሉ ዌንቼንግ የተባለ ሙዚቀኛ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታውን ባለ ሁለት አውታር መሣሪያ የሐር አውታሩን በብረት ለውጦ ድምፁን ከፍ አደረገው። መሣሪያው ጋኦሁ ይባላል፤ እስከ ዛሬም የዚያ ሙዚቃ መሪ ነው። እነዚህ ሰዎች ነባሩን የለወጡት ይበልጥ እንዲሰማ ነው። በእኛ አዳራሽ ግን አዲሱ ነባሩን አፈነው።

ለዚህም ምስክር አለኝ። በዚያው ምሽት በገና ተራው ደርሶ ኪቦርዱ ዝም አለ። ከበግ አንጀት የተሠሩት ዐሥሩ አውታሮች በሥራቸው የተደረገላቸውን ቁራጭ ቆዳ እየነኩ ሲነዝሩ አዳራሹ ጸጥ አለ። የበገና ድምፅ ከማሲንቆ ይልቅ ዝግ ያለ ነው፤ ያ ተማሪ ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እንግዲህ የጎደለው የመሣሪያው ኃይል ሳይሆን የሚሰማበት ጸጥታ ነበር።

ወጣቶች ሆይ! አንድን የአባቶቻችሁን ጥበብ ደካማ ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ጫጫታ በሌለበት ስፍራ ከመቺው አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ስሙት። ከዚያ በኋላ ባትወዱትም ማንም አይወቅሳችሁም፤ ሰምታችሁ ፈርዳችኋልና።