የኪስ ስልክ የጨረር ምስክር ይሆናልን?

ከጨረር አደጋ በኋላ ማን ምን ያህል እንደ ደረሰበት ለማወቅ፥ ሰው በኪሱ የሚይዘው ተንቀሳቃሽ ስልክ ይበቃል የሚል አሳብ በዘመናችን በሊቃውንት ዘንድ ገኗል። አሳቡ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከሚገባው በላይ የተነገረለት ስለ መሰለን ጥቂት እንተቸዋለን።

መሠረቱ እንዲህ ነው። በስልኩ ውስጥ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማያህሉ ሬዚስተሮች አሉ፤ የተሠሩበትም መደብ አሉሚና የሚባል ሸክላ መሰል ነገር ነው። ጨረር ሲያልፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ተፈናቅለው በክሪስታሉ ጉድለቶች ውስጥ ይታሰራሉ። በኋላ በቤተ ሙከራ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት እስረኞቹ ይፈታሉ፤ ሲፈቱም ደካማ ብርሃን ይሰጣሉ። ያው ሬዚስተር መጠኑ የታወቀ ጨረር እንደገና ተሰጥቶት ሁለቱ ብርሃኖች ይነጻጸራሉ። የሂሮሺማ ጡብና የጣራ ሸክላ እየተሞቀ የቦምቡ ጨረር የተገመተው የዚህ ዘመድ በሆነ ዘዴ ነው። እስከዚህ የሚነቀፍ የለም፤ እንዲያውም የደም ክሮሞሶም ምርመራ ቀናት ሲፈጅ ይህ በሰዓታት ያልቃል።

ችግሩ የሚታየው ዘዴውን ከእውነተኛ አደጋ ጋራ ስናገናኘው ነው። በብራዚል በጎያኒያ ከተማ፥ ከተተወ የሕክምና ቤት የተወሰደ የሲዚየም 137 ምንጭ ከመስከረም 2 እስከ መስከረም 18 ቀን 1980 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1987) ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆየ። 112,000 ያህል ሰዎች ተመረመሩ፤ 249ኙ ተበክለው ተገኙ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ የኪስ ስልክ በሕዝቡ እጅ አልነበረም። ቢኖርስ? የታሰሩት ኤሌክትሮኖች በጨለማም ውስጥ ቢሆኑ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ያመልጣሉ፤ ከ16ቱ ቀናት ጨረሩ በየትኞቹ እንደ ደረሰ ካልታወቀ ጉድለቱን በትክክል ማረም አይቻልም። ከዚያም የባሰው፥ የሚያበራውን ዱቄት በነካ እጃቸው ምግብ የበሉ ሰዎች ሲዚየሙን ወደ ሆዳቸው አስገብተዋል። ጠረጴዛ ላይ የዋለ ስልክ ስለዚህ ምን ይመሰክራል?

ስልኩ የሚናገረው ራሱ የተቀበለውን ነው። በኋላ ኪስ የነበረ ስልክ፥ ምንጩ ከፊት ለፊት ከሆነ ሰውነት ራሱ ይጋርደዋል፤ የአጥንት መቅኒ ስንት እንደ ተቀበለ የሚታወቀው በሌላ ስሌት ነው። ስለዚህ ዘዴው በፍርሃት ከመጡት ብዙዎች መካከል ሐኪም ቶሎ የሚያስፈልጋቸውን ጥቂቶች ለመለየት ይርዳ እንላለን፤ ለሕክምናው ውሳኔ ግን ብቻውን አይበቃም። ደግሞስ ሬዚስተሩን ለማውጣት ስልኩ መፈታት አለበት። ዘመዱን በጭንቀት የሚፈልግ ሰው፥ በዚያች ሰዓት ስልኩን ለባለሙያ አሳልፎ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ከቤተ ሙከራ ያልወጣ ሰው ይመስለናል።