እየተማሩ መምራት

በባሕር ዳር ከመሸ በኋላ የሆስፒታል ዋርድን የሚመራው ማን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ ገና በትምህርት ላይ ያለ ሐኪም። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ገብቷል፤ ሜዲካል ዳይሬክተሩ የሚገኘው በስልክ ነው፤ ሲኒየሩም ሲጠራ ይመጣል። ባለው አልጋ ማን እንደሚተኛ፣ ማን ቀድሞ ኦፕሬሽን ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ረዚደንቱ ነው። ደም ለማግኘት የሚሯሯጠው፣ የደነገጠውን ኢንተርን የሚያረጋጋው፣ ለአስታማሚ መርዶ የሚያረዳውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ አመራር ነው። እኛ ግን አናስተምረውም፣ አንመዝነውም፣ የሚመጥን ሥልጣንም አንሰጥበትም።

የረዚደንቶች ተጠሪ፣ ማለትም ቺፍ ረዚደንት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ቺፎች ሲመረጡና ሲደክሙ በቅርብ አያለሁ። ከዚህ ሁሉ የያዝኩት እምነት፣ አመራር ስፔሻሊስት ከሆኑ በኋላ የሚሰጥ ሹመት አለመሆኑን ነው። የቀዶ ሕክምና እጅ ከሲኒየር ጎን ቆሞ፣ እየታረመ እንደሚገኝ ሁሉ ይህም በሥራ ላይ የሚማሩት ሙያ ነው።

በእኛ ከተማ ሥራው ከበድ የሚልበት ምክንያት አለ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ነው፤ ጥበበ ግዮን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ረዚደንቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሆኖ በሁለቱም ግቢ ይሠራል። ኦክስጅን ሲያልቅ ወይም የላቦራቶሪ ሪኤጀንት ሲጠፋ አቤት የሚባልበት በር በአንዱ ቤትና በሌላው የተለያየ ነው። ቺፉ ደግሞ በየትኛውም ቤት አለቃ አይደለም። ነርሷ የምትጠየቀው በነርሶች ኃላፊዋ ነው፤ ፋርማሲስቱም፣ ካርድ ክፍሉም፣ ጥበቃውም የየራሳቸው አለቃ አላቸው። ሕመምተኛው እንዲድን ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት መግባባት አለባቸው። ማዘዝ የማይችል ሰው ሥራ የሚያሠራው በመታመን ብቻ ነው። መታመን ደግሞ የሚገኘው በሦስት ተራ በሚመስሉ ሥራዎች ነው።

የመጀመሪያው የዱቲ ፕሮግራም ማውጣት ነው። ወረቀቱን ያየ ሰው የስምና የቀን ዝርዝር ብቻ ይመስለዋል። የቺፉ ፍትሕ የሚለካው ግን እዚያ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ባልደረባ አለች፤ እናቱ የታመመችበት አለ፤ ለፈተና የሚዘጋጅ አለ። ለፋሲካ ሙስሊሙ ይገባል፣ ለኢድ ክርስቲያኑ ይተካዋል፤ ይህ የቆየና የሚያምር ልማድ ነው። ልማዱ የሚጸናው ግን ቺፉ ባለፈው ዓመት ማን ለማን እንደገባ ከያዘ ብቻ ነው። ራሱን ከከባዱ ሌሊት ያወጣ ቺፍ ከዚያ በኋላ ማንንም እባክህ ቢል አይሰማም። ፕሮግራሙ ወቅትንም ማወቅ አለበት። ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር በፎገራና በደምቢያ ሜዳ፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ወባ ይበረታል፤ የሕፃናት ዋርድ ይሞላል። ጎበዝ ቺፍ ነሐሴ ላይ ሆኖ የጥቅምትን ዱቲ ያስባል።

ሁለተኛው ርክክብ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ የቆመ ሐኪም ሕመምተኞቹን ለተረኛው የሚያስረክብበት ጥቂት ደቂቃ በዋርድ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ አደገኛው ነው። «አምስት ቁጥር ደህና ነው» ማለት ርክክብ አይደለም። ሕመሙ ምንድን ነው? የምንጠብቀው ውጤት የቱ ነው? ሌሊት ቢብስ መጀመሪያ ምን ይደረግ? ለማንስ ይደወል? እነዚህ አራት ነገሮች ተጽፈው ካልተላለፉ ቀን የተለፋበት ሌሊት ይጠፋል። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ሲኒየርን በሌሊት መቀስቀስ ብዙ ወጣት ሐኪሞች እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ቺፉ ከሲኒየሮቹ ጋር ተነጋግሮ የግድ የሚደወልባቸውን ሁኔታዎች በጽሑፍ ሲያስቀምጥ፣ ጀማሪዋ ሐኪም «ዶክተር፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት» ብላ ከመጀመር ትድናለች። ደንቡ ስላለ ትደውላለች፤ ሕመምተኛውም በጊዜ ይታያል።

ሦስተኛው የሞርኒንግ ስብሰባን መምራት ነው። ሌሊት ሰው የሞተበት ኢንተርን ከሲኒየሮችና ከባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ታሪኩን ያቀርባል። ያን ሰዓት ቺፉ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ የክፍሉን ባሕርይ ለወራት ይወስናል። «ማን ነበር?» ብሎ ከጀመረ ከነገ ወዲያ እውነቱን የሚናገር አይኖርም። «ምን ሆነ? የቱ ጋ ዘገየን?» ብሎ ከጀመረ ደግሞ ደሙ ለምን ሁለት ሰዓት እንደፈጀ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደነበረ ይወጣል። የሚታረመው ያ ነው። ይህ ማለት ጥፋት ይሸፈን ማለት አይደለም፤ ቸልተኛን በግል ጠርቶ በግልጽ መናገርም የቺፉ ግዴታ ነው።

እነዚህ ሥራዎች ከዋርድ ግድግዳ አልፈው ሕዝብ ያድናሉ። በ1997 ዓ.ም. ከጣና ምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ በአዲስ ዘመን ዙሪያ ብዙ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተገምቶ ነበር። በኋላ ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ወደ ሁመራና መተማ ለቀን ሥራ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡ ይታሰባል። የወባ መድኃኒት እየወሰደ የማይሻለውን፣ ጣፊያው ያበጠውን ሰው ከማንም በፊት የሚያየው በተዋረዱ ግርጌ ያለው ባለሙያ ነው። ያየውን አንድ ላይ ሰብስቦ «ይህ ወባ አይመስለኝም» ብሎ ወደ ላይ የሚያደርስበት መንገድና ድፍረት ከሌለው ዕውቀቱ ካርድ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ድፍረት በሥልጠና ዘመኑ ያልለመደ ሐኪም በኋላ ከየት ያመጣዋል?

አመራር በሥልጠና ዘመን እንደሚለመድ አገራችን አንድ ጊዜ በደንብ ታውቅ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ከሐይቁ ሰሜን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ይሠለጥኑ ነበር፤ ቆላ ድባ ላይ በነበረው ጤና ጣቢያም ገና ተማሪ ሳሉ አብረው ይሠሩ ነበር። ጤና መኮንኑ ማከምን ብቻ አልነበረም የሚማረው፤ ጤና ጣቢያ ማስተዳደርን፣ ቡድን መምራትን፣ ከአገሬው ሽማግሌ ጋር መመካከርንም አብሮ ይማር ነበር። የሐኪም ትምህርታችን ከዚያ በኋላ በጥልቀት አድጓል፤ ይህኛው ክፍል ግን ሳስቷል።

የዚህን ጉድለት ዋጋ የምናየው ወረዳ ላይ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ተመርቆ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲላክ፣ ብዙ ሳይቆይ ሜዲካል ዳይሬክተር ተብሎ ሲሾም እናያለን። የበጀት ወረቀት አይቶ አያውቅም፤ የመድኃኒት ግዥ እንዴት እንደሚጠየቅ ያስረዳው የለም፤ በዕድሜ እናቱ የምትሆን ነርስ ቅሬታ ይዛ ስትመጣ እንዴት እንደሚሰማት አልተለማመደም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለሆስፒታሎች ቦርድ፣ ሥራ አስኪያጅና ግልጽ መዋቅር ሰጥቷል፤ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችም በጅማ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። ትልቅ እርምጃ ነው። ሌሊቱን የሚመራው ሐኪም ግን ከዚህ ትምህርት ውጭ ቀርቷል።

ሐኪም ሆስፒታል ይምራ ወይ የሚለው ጥያቄ በውጭው ዓለም የቆየ ነው። አማንዳ ጉዶል የተባለች ተመራማሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ በአሜሪካ ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው ሆስፒታሎች መካከል በሐኪሞች የሚመሩት የተሻለ የጥራት ውጤት እንዳላቸው አሳይታለች። ጥናቱ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሐኪም ሁሉ ጥሩ መሪ ነው ማለትም አይደለም። በእኛም አገር ደግ ሐኪም ሆኖ ክፉ አለቃ የሆነ ሞልቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሥልጠና ነው።

«ረዚደንቱ ደክሟል፤ ትምህርቱን ይማርበት፤ ሌላ ሸክም አትጫኑበት» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስለ ድካሙ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሸክሙ አሁንም ጫንቃው ላይ ነው። የምጠይቀው አዲስ ሸክም እንዲጨመር ሳይሆን ለተሸከመው ሥልጣን፣ ጊዜና አስተማሪ እንዲሰጠው ነው። ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ሲጠፋ ምን እንደሚከተልም አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ኢንተርን ሐኪሞች በየዩኒቨርሲቲው ስለ ክፍያ፣ ስለ ሥራ አደጋና ስለ አያያዛቸው ያነሱት ጥያቄ ሆስፒታል ውስጥ መፍትሔ ስላጣ ሥራ እስከ ማቆም አድርሷል፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስብሰባ ደርሷል። በየሳምንቱ ጠረጴዛ ላይ ሊነሳ የሚችል ጉዳይ እዚያ ድረስ መሄድ አልነበረበትም።

ስለዚህ ለሆስፒታል ቦርዶች፣ ለሥራ አስኪያጆችና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ግልጽ ነው። የቺፍ ረዚደንት ሥልጣንና ግዴታ ተጽፎ ለነርሶች ኃላፊ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለፋርማሲም ይድረስ። በሆስፒታሉ የጥራት ኮሚቴና በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ወንበር ይኑረው። ለዚህ ሥራ ሲባል የዱቲ ቁጥሩ ይቀነስ። ስለ በጀት፣ ስለ ግዥና ስለ ሠራተኛ አያያዝ የሚያስተምረው አንድ ሲኒየር ይመደብለት። የተማረውን ለተተኪው በጽሑፍ ያስረክብ። ከእነዚህ አንዱም አዲስ ሕንፃ ወይም የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። ረዚደንቶች ሆይ፣ እናንተም ዛሬ ማታ ዱቲ ስትገቡ መሪ ሆናችሁ እንደምትገቡ እወቁ፤ ሥራውን ከወዲሁ በሥርዓት ተማሩት።