ስሙን ወስዶ ምክንያቱን መተው፦ ስለ አንድ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ የቀረበ ሐተታ

1. መግቢያ

ለከፍተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚቀርብ ጽሑፍ ዕጣው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። አማካሪው ያነቡታል፤ ፈታኞቹ ያነቡታል፤ ከዚያም ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዶክተር ሮይ ፊልዲንግ በ2000 ዓ.ም. በኧርቫይን ከተማ ለሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጽሑፍ ግን ከዚህ ዕጣ አምልጧል። (በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጽሑፉ ርእስ «የአርኪቴክቸር ስልቶችና በኔትዎርክ ላይ የተመሠረቱ የሶፍትዌር አርኪቴክቸሮች ንድፍ» የሚል ሲሆን፣ በውስጡ የተሰየመው «ሬስት» የተባለው ስልት ዛሬ የዌብ ሰርቪስ ሥራ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ ስሙ ይነሣል።

ዌብ ሰርቪስ የሚባለው አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በኢንተርኔት አማካይነት ለሌላ ፕሮግራም መረጃ ወይም አገልግሎት የሚሰጥበት አሠራር ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ በኮምፒዩተር የተያዘ ቢሆንና የዞኑ ትምህርት መምሪያ ፕሮግራም ቁጥሩን ከዚያ በቀጥታ መጠየቅ ቢችል፣ ይህ አንድ ዌብ ሰርቪስ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሐተታ ዓላማ የኮምፒዩተርን ጥበብ ማስተማር አይደለም። ዓላማው አንድ የዶክትሬት ተማሪ ለዓመታት በእጁ የሠራውን ሥራ እንዴት ወደ ምክንያታዊ ጽሑፍ እንደለወጠው፣ ጽሑፉም ከወጣ በኋላ አንባቢዎች ምን እንዳደረጉበት መመርመር ነው። ጥያቄው መምህራንን በቀጥታ ይነካል። ተማሪዎቻችን ጥናታዊ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ስናዝዝ የምንጠይቃቸው ቅርጹን ነው ወይስ ምክንያቱን?

2. የጥናቱ መንገድ

ፊልዲንግ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1988፣ ማስተርሳቸውን በ1993፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ2000 ያገኙት ከዚያው ከኧርቫይን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከማስተርስ እስከ ዶክትሬት ያለፉት ሰባት ዓመታት ዌብ ከጥቂት ተመራማሪዎች መገልገያነት ወጥቶ የዓለም ሁሉ መገናኛ የሆነባቸው ዓመታት ናቸው። ተማሪው ይህን ለውጥ ከዳር ሆነው አልተመለከቱትም። በ1994 በጄኔቫ በተካሄደው በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዌብ ጉባኤ ላይ፣ በየድረ ገጹ የተበጠሱ ማያያዣዎችን እየዞረ የሚፈልግ ፕሮግራም አቀረቡ። በ1996 ከቲም በርነርስ ሊና ከሄንሪክ ፍሪስቲክ ጋር በመሆን የዌብ መገናኛ ደንብ የሆነውን የኤችቲቲፒን 1.0 ሰነድ አወጡ። በ1997 የወጣውንና በ1999 የተሻሻለውን የ1.1 ሰነድም ከሌሎች ጋር አዘጋጅተዋል። አፓቺ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ካቋቋሙት ሰዎችም አንዱ ናቸው።

እንግዲህ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ ፍለጋ የተንከራተቱ አልነበሩም፤ ሥራው ጽሑፉን ቀድሟል። ነገር ግን ጽሑፉ የተሠራው ሥራ ዘገባ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ የሠራ ሰው «ይህን ሠራሁ፤ ቀጥሎም ይህን ሠራሁ» ብሎ መጻፍ ይቀለዋል። ፊልዲንግ የጠየቁት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «ዌብ ይህን ያህል ሲስፋፋ ያልፈረሰው ስለምን ነው? ወደፊት የሚመጣውን ማሻሻያስ መልካም ወይም ክፉ የምንለው በምን መስፈርት ነው?» የሚል ነው። በደንብ ረቂቆች ላይ በሚደረግ ክርክር ጊዜ በልምድ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ፍርድ በምክንያት ማስደገፍ አስፈልጓቸው ነበር።

3. የጽሑፉ አሠራር

ጽሑፉ ስድስት ምዕራፎችና አንድ መደምደሚያ አሉት። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሶፍትዌር አርኪቴክቸርን ቃላት ይወስናል። ሁለተኛው መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል። ሦስተኛው ቀድሞ የታወቁ ስልቶችን በእነዚያ መመዘኛዎች እየመዘነ፣ የሚጠቅሙበትን በመደመር ምልክት፣ የሚጎዱበትን በመቀነስ ምልክት በሠንጠረዥ ያሳያል። አራተኛው የዌብን ችግር ይገልጻል። አምስተኛው ሬስትን ያቀርባል። ስድስተኛው ስልቱ በተግባር ሲፈተን ምን እንደታየ ይናገራል። አንባቢ ወደ አምስተኛው ምዕራፍ ሲደርስ እያንዳንዱ ቃል አስቀድሞ ተተርጉሞለታል፤ ሚዛኑም ተሰጥቶታል።

የአምስተኛው ምዕራፍ አካሄድ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገን ነው። ደራሲው ስልታቸውን ተሠርቶ ያለቀ ነገር አድርገው አያቀርቡም። ምንም ገደብ ከሌለበት ባዶ ስልት ይነሡና አንድ በአንድ ገደብ ይጨምራሉ። በእያንዳንዱ ገደብ የሚገኘውን ጥቅም ይናገራሉ፤ የሚከፈለውን ዋጋም አይደብቁም።

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው በመዝገብ ቤት ሥራ ማስረዳት ይቻላል። አንደኛው ገደብ ሰርቨሩ የጠያቂውን የቀድሞ ጉዳይ እንዳያስታውስ የሚያዝ ነው። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር የተሟላ ማመልከቻ ይዞ መቅረብ አለበት እንደ ማለት ነው። ጥቅሙ የትኛውም ጸሐፊ ሊያስተናግደው መቻሉ ነው፤ ጸሐፊው ቢታመም ጉዳዩ አይጠፋም፤ ባለጉዳዩ ቢበዛም ጸሐፊ መጨመር ይበቃል። ጉዳቱ ያው ነገር በየጊዜው ተደጋግሞ መጻፉ ነው። ሁለተኛው ገደብ መልሶች ቅጂያቸው ሊቀመጥ ይችል እንደሆነ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ቅጂ ድካምን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቅጂው ያረጀ ከሆነ ያሳስታል። ሦስተኛው ገደብ ሁሉም በአንድ ወጥ ቅጽ እንዲሠራ ያዛል። ይህም አሠራሩን ያቀላል፤ ሆኖም ወጥ ቅጽ ለእያንዳንዱ ጉዳይ በልኩ የተሰፋ አይሆንም። በመካከል ደረጃዎችን የሚፈቅደው ገደብ ሥራን ያከፋፍላል፤ ጊዜም ይወስዳል። ፕሮግራም ወደ ጠያቂው ተልኮ በዚያ እንዲሠራ የሚፈቅደው የመጨረሻው ደግሞ የሚተላለፈውን ነገር ግልጽነት ስለሚቀንስ በግዴታነት አልተያዘም።

በዚህ ዐይነት የተጻፈ ጽሑፍ ለአንባቢው የሚሰጠው ሥልጣን አለ። አንባቢው የደራሲውን ድምዳሜ ባይቀበል እንኳ በየትኛው እርምጃ ላይ እንደተለያዩ ለይቶ ማሳየት ይችላል። በእኔ አስተያየት የጥሩ ጥናታዊ ጽሑፍ መለኪያ ይህ ነው።

ስድስተኛው ምዕራፍም ይህንኑ መንገድ በምሳሌ ያጠናክራል። በቀድሞው የኤችቲቲፒ ደንብ ጠያቂው የሚፈልገውን ሰርቨር ስም በመልእክቱ ውስጥ አይገልጽም ነበር፤ ሰርቨሩ የራሱን ስም ያውቃል ተብሎ ታስቦ ነው። ብዙ ስሞች በአንድ የኔትዎርክ አድራሻ ለመጠቀም ሲፈልጉ ግን መልእክቱ ለማን እንደተላከ መለየት አልተቻለም። በ1.1 ደንብ ስሙን መግለጽ ግዴታ የሆነው ስለዚህ ነው። እንደዚሁም «ኩኪ» የተባለውን ዘዴ ደራሲው ይነቅፋሉ። ተጠቃሚው ወደ ኋላ ተመልሶ የቀድሞውን ገጽ ሲከፍት፣ በኩኪው የተያዘው ማስታወሻ አብሮት ስለማይመለስ ሁለቱ ይጋጫሉ። ነቀፋው በጥላቻ ሳይሆን ቀደም ሲል ከተቀመጠው ገደብ የተነሣ ስለሆነ ክብደት አለው።

4. የጽሑፉ ጉድለቶች

ይህ ሁሉ ቢሆንም ጽሑፉ ነቀፋ የሌለበት አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ማስረጃው በአብዛኛው የደራሲው ልምድ ነው። ደንቡን ከጻፉት ሰዎች አንዱ ራሳቸው ሆነው ሳለ የደንቡን መልካምነት የሚመዝኑትም እርሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ምዕራፍ የሚታዩት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች በልኬት የተገኙ ሳይሆኑ በዐዋቂ ፍርድ የተሰጡ ናቸው። እርግጥ የዌብ ስፋት ራሱ ትልቅ ፈተና ነው። ሆኖም አንድ ነገር መስፋፋቱ በምን ምክንያት እንደተስፋፋ አያረጋግጥም።

ሁለተኛውና የከፋው ጉድለት በአጻጻፉ ሚዛን ላይ ነው። ወጥ ቅጽ የተባለው ገደብ አራት ክፍሎች አሉት። አራተኛው የሰርቨሩ መልስ ራሱ ጠያቂው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል በማያያዣዎች አማካይነት ይንገረው የሚል ነው። ከመዝገብ ቤት የሚሰጠው ደብዳቤ ቀጥሎ የሚኬድባቸውን ክፍሎች ዘርዝሮ ቢይዝ ባለጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱን አወቃቀር በቃሉ ማጥናት አያስፈልገውም። መሥሪያ ቤቱ ክፍሎቹን ቢያዛውር እንኳ ባለጉዳዩ አይደናገርም። የስልቱ ልብ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ገደቦቹ በሚዘረዘሩበት ቦታ በአንድ ሐረግ ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል። ማብራሪያው የሚገኘው ከብዙ ገጾች በኋላ፣ ስለ መረጃ አመለካከት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ነው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ሳያየው ቢያልፍ አያስደንቅም።

5. ጽሑፉ ከወጣ በኋላ

ፊልዲንግና አማካሪያቸው ሪቻርድ ቴይለር የጽሑፉን ፍሬ ነገር በዚያው በ2000 በአየርላንድ በተካሄደ ጉባኤ፣ በ2002 ደግሞ በአንድ ሙያዊ መጽሔት አቀረቡ። ያን ጊዜ በዌብ ሰርቪስ ሥራ ገኖ የነበረው «ሶፕ» የተባለው ዘዴ ነበር። ይህ ዘዴ ሁሉንም ዐይነት ጥያቄ በፖስታ አሽጎ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አድራሻ ይልካል። በመካከል ያሉ ደረጃዎች የጥያቄውን ዐይነት ለይተው ቅጂ እንዲያስቀምጡ አይመችም። በዚህ የተሰላቹ ሰዎች ሬስትን እንደ አማራጭ ያዙት። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጽሑፉ ሲዘጋጅ ዋና ጉዳዩ ዌብ እንደነበረ ነው። ለዌብ ሰርቪስ ሥራ ደንብ አድርገው የወሰዱት ኋላ የመጡት አንባቢዎች ናቸው።

ከወሰዱትም ብዙዎቹ የወሰዱት ስሙን ነበር። የመረጃ አድራሻን በሚያምር መልክ መጻፍና የኤችቲቲፒን ትእዛዞች በየስማቸው መጠቀም ብቻውን ሬስት ተባለ። አራተኛው ክፍል ተረሳ። በ2008 ፊልዲንግ ራሳቸው ይህን በብርቱ ቃል ተቃወሙ፤ በማያያዣ የማይመራ አሠራር በዚህ ስም ሊጠራ እንደማይገባው ጻፉ። በዚያው ጊዜ በሰጡት ማብራሪያ፣ ለስሕተቱ በከፊል ምክንያት የሆነው በመመረቂያ ጽሑፋቸው ውስጥ ስለ መረጃ ቅርጾች አነዳደፍ በቂ ዝርዝር አለመስጠታቸው እንደሆነ፣ ይህም የሆነው ጊዜ ስላጠራቸው እንጂ ጉዳዩን ዝቅ አድርገው ስላዩት እንዳልሆነ ገልጸዋል። በ2017 ከቴይለርና ከሌሎች አምስት ጸሐፊዎች ጋር ሆነው የሥራውን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልክተው እንደገና ጽፈውበታል።

በዚህ ውስጥ የሚያስገርም ነገር አለ። ደራሲው በመግቢያቸው ላይ የነቀፉት፣ በጊዜው በየአፉ የሚነገር ቃል እየተከተሉ ንድፍ የማውጣትን ልማድ ነበር። ስልቱ ቀድሞ «የኤችቲቲፒ የቁስ አምሳያ» ይባል ነበር፤ አንባቢዎች የሰርቨር ፕሮግራም አሠራር እየመሰላቸው ስለተሳሳቱ ስሙን ለወጡት። አዲሱም ስም ተራውን በየአፉ የሚነገር ቃል ሆነ። ስም መለወጥ ብቻውን አለማንበብን አያድንም።

6. ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ከላይ ከተገለጸው ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ በየትምህርት ደረጃው የጥናት ጽሑፍ ሲታዘዝ ከምዕራፎች ቅደም ተከተል፣ ከኅዳግ ስፋትና ከጥቅስ አሠፋፈር በፊት «የመረጥኸው መንገድ ምን ያስገኛል? ምንስ ያሳጣል?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም። ተማሪው ጥቅሙን ብቻ ዘርዝሮ ከመጣ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ለዚህ የዶክትሬት ደረጃ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሊለማመደው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የምርምር ዕቅድና በጀት የሚያወጡ ክፍሎች የመጻፊያውን ጊዜ ከሥራው ጊዜ ተራፊ አድርገው ሊያዩት አይገባም። ሰባት ዓመት በፈጀ ትጋት ውስጥ በመጨረሻ የጎደሉት ገጾች ብዙ አንባቢዎችን አሳስተዋል። የመስኩ ሥራ ሲያልቅ ጽሑፉ በራሱ ይወጣል የሚለው አስተሳሰብ መታረም አለበት። አማካሪዎችም «ከሁሉ የሚበልጠው ሐሳብህ የትኛው ነው? ስንት ገጽስ ሰጠኸው?» ብለው አስቀድመው ቢጠይቁ ብዙ ጉድለት ይቃናል።

ሦስተኛ፣ ጥቅስ የንባብ ምስክር ይሁን። ተማሪ ያላነበበውን ጽሑፍ ከሌላ ሰው ጥቅስ ገልብጦ ሲያሰፍር ከላይ ያየነውን ታሪክ በአነስተኛ መጠን ይደግማል። በቃል ፈተና ጊዜ ፈታኙ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱን መርጦ ደራሲው ወደ ድምዳሜው የደረሰበትን መንገድ ቢጠይቅ፣ ማን እንዳነበበና ማን ስም ብቻ እንደሰበሰበ ወዲያው ይታወቃል።

የፊልዲንግ ጽሑፍ ዛሬም ከዩኒቨርሲቲው ያለ ክፍያ ይገኛል። የኮምፒዩተር ባለሙያ ያልሆነ መምህር ቢያንስ መግቢያውንና የአምስተኛውን ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ቢያነብ፣ አንድ ሐሳብ ዋጋው እየተነገረ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚገነባ ያይበታል። የጎደለውንም ከአመሰገነው ጋር አብሮ ለተማሪዎቹ ቢያሳያቸው ጽሑፉ እንደሚገባው ተነበበ ማለት ይቻላል።