ድፍረት በምን ይሣላል?

አርቦዬም ሆነ አሰላ ግድግዳ ላይ የሯጭ ሥዕል ቢያጋጥማችሁ፣ ገና ሳታዩት ታውቁታላችሁ፦ የተዘረጉ እጆች፣ ባንዲራ፣ ፈገግታ። «ቁርጥ እሷን!» ይባልና ይታለፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እንዲህ ያለው ሥዕል የሚነግረን ውጤቱን እንጂ ሩጫውን አይደለም።

የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስትሮጥ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር አፈትልካ ወጣች። ደራርቱ ተከተለቻት። «ቅደሚ» የሚል ምልክት ቢሰጣትም ወይ ፍንክች! ዙር በዙር ጥላ ሆና ቆየችና በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች። ድፍረቱ ያለው እዚያ ትዕግሥት ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በመልክ አይያዝም።

ታዲያ በምን ይሣላል? ገብረ ክርስቶስ ደስታ መንገዱን ካሳየን ቆየ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሣለው «ጎልጎታ» ላይ ስቃዩን የተሸከመው የፊት ገጽታ ሳይሆን ቀዩ ቀለም ነው። «ረቂቅ ሥዕል ምኑ ይገባል?» የሚል መቼም አይጠፋም። ሁለት መስመሮች ተጠጋግተው ሲጓዙ፣ አንዱ እስኪገነጠል ትንፋሽ ማስያዛቸው ለማን ይጠፋዋል? ያውም ሩጫ እያየ ላደገ የአርሲ ሰው!

ሠዓሊዎቻችን ለመጨረሻዋ ዙር ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። እስቲ ከእሷ በፊት ላሉት 24 ዙሮችም አንድ ሸራ ይወጠር።