ይጥማል፣ አይጥምም፣ ከሁለቱም አይደለም

ማይንድፉልነስን (አስተውሎትን) አብዛኞቻችን የምናውቀው በትንፋሽ ነው። ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከተል፣ ሐሳብ ሲሸሽ ሳይቆጡ መመለስ። ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከጀመሩት ሥልጠና ወዲህ፣ ይህ ልምምድ ሥር በሰደደ ሕመም የሚሠቃዩ ብዙ ሰዎችን አሳርፏል። በዚህ ብቻ ለዓመታት የቆየ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። መረጋጋቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከመቀመጫው ሲነሳ ቁጣው እንደነበረ ይጠብቀዋል። እኔን ከዚያ ያራመደኝ ልምምዱ የተቀዳበት ጥንታዊው የቡድሃ ትምህርት ነው፤ ከትምህርቱም በተለይ ቬዳና ስለሚባለው ነገር የሚናገረው ክፍል።

በፓሊ ቋንቋ የቆየልን ሳቲፓታና ሱታ የተባለው ስብከት አስተውሎት የሚያርፍባቸውን አራት መስኮች ያስቀምጣል፦ አካል፣ ቬዳና፣ የልቦና ሁኔታና የትምህርቱ ዋና ዋና ጉዳዮች። ትንፋሽ የመጀመሪያው መስክ መግቢያ ነው። ቬዳና ደግሞ ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም ፍቅር አይደለም፤ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ድምፅም ሆነ ሽታ፣ ሐሳብም ሆነ ውጋት፣ የሚነካን ሁሉ ይዞት የሚመጣ ጣዕም አለ፤ ይጥማል፣ አይጥምም፣ ወይም ከሁለቱም አይደለም።

ቡድሃ የሥቃይን አመጣጥ ሲያስረዳ ከንክኪ ቬዳና፣ ከቬዳና ጥማት፣ ከጥማት ሙጥኝ ማለት እንደሚወለድ ያስተምራል። ንክኪውን ልንከለክለው አንችልም፤ ጣዕሙም ፈቃዳችንን አይጠይቅም። በጣዕሙና በጥማቱ መካከል ያለው ቅጽበት ግን ሊታይ ይችላል። ለእኔ የልምምዱ እምብርት እዚህ ነው።

ስቀመጥ የምሠራው ይህንን ነው። ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ወደ ትንፋሼ አልሸሽም። መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ውጥረቱን፣ ውጋቱን እለያለሁ። ከዚያ አለመጣሙን ብቻ አስተውላለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር ይደርሳል፤ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ «ይብቃኝ» የሚል ግፊት ይነሳል። ሕመሙ አንድ ነገር፣ ግፊቱ ሌላ። ቡድሃ ይህን በሁለት ቀስቶች መስሎታል፦ የመጀመሪያው አካልን ይወጋል፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ልብ የሚጨምረው ነው። ሁለቱን በገዛ ሰውነት ለይቶ ማየት ስለ ጉዳዩ ብዙ ከማንበብ ይበልጣል።

ሕመም ግን የሚያስተምር ቀላሉ ጣዕም ነው። የሚከብደው የሚጥመው ነው። ልብ ጸጥ፣ አካል ቅልል ሲል «ይሄማ አይሂድብኝ» የሚለው ፍላጎት በጣም ስለሚለሰልስ ራሱ ተመስጦ ይመስላል። ልምድ ያለው መምህር በተለይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱም ያልሆነው ጣዕምስ? ሳናየው ያልፋል፤ እጃችንም ወደ ስልክ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ይህን መንገድ ለምእመናን በስፋት የከፈቱት የበርማ መምህራን አካሄዳቸው ይለያያል። ማሃሲ ሳያዶ (1904–1982) የሆድን መነሳትና መውረድ መነሻ አድርገው፣ የሚከሰተውን ሁሉ በልብ እየሰየሙ መከተልን አስተማሩ። የመንግሥት ዋና ሒሳብ ሹም የነበሩት ኡ ባ ኪን ደግሞ አካልን ክፍል በክፍል እየቃኙ የሚሰማውን ሁሉ በእኩል ልብ መመልከትን መረጡ፤ ተማሪያቸው ጎይንካ በአሥር ቀን ሱባኤ መልክ ከሕንድ ተነሥተው በዓለም አዳረሱት። ለቬዳና የኋለኛው ይቀርባል ባይ ነኝ። ቢሆንም መላ አካልን ለማዳረስ የሚደረገው ጥድፊያ ራሱ ጥማት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በእነዚህ ሱባኤዎች ተሳታፊው መጀመሪያ አምስቱን የሥነ ምግባር ቃሎች ይገባል፤ ላለመግደል፣ ላለመስረቅ፣ ከወሲብ ለመራቅ፣ ላለመዋሸት፣ የሚያሰክር ነገር ላለመውሰድ። ይህን እንደ ሥርዓት ማሟያ የሚያዩት አሉ፤ አልስማማም። ብዙ ውሸት ከማይጥም ጣዕም ማምለጫ ነው። አለመጣሙን ቃሉ ከአፍ ሳይወጣ ያየ ሰው ዝም የማለት ዕድል ያገኛል፤ ያላየም ሰው ማታ ሲቀመጥ የዋሸው ውሸት ቀድሞት ተቀምጦ ያገኘዋል።

ለመጀመር ድምፅ ይመቻል። የጎረቤት ሬዲዮ፣ የውሻ ጩኸት፣ የበር መንኳኳት። ማን እንደሆነ፣ ለምን በዚህ ሰዓት እንደሆነ ልብ ከመተረኩ በፊት፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ብቻ መጠየቅ፦ ይጥማል? አይጥምም? ወይስ ከሁለቱም አይደለም?